የኪስ ሰዓትን በመኪና ያሠራው አሮን ዴኒሰን

በዳንግላ ወይም በእንጅባራ ከአያቱ የወረሰውን የኪስ ሰዓት በሣጥን ያኖረ ሰው ቢኖር፥ የጀርባውን ክዳን ከፍቶ «ዋልታም» የሚል ጽሑፍ ቢያገኝ፥ ከጽሑፉ አጠገብ ቁጥር ያያል። ይህ ቁጥር ሰዓቱ በስንት ዓመተ ምሕረት ገደማና በየትኛው ዓይነት እንደ ተሠራ ያስታውቃል። አሮጌ ሰዓት የሚሰበስቡና የሚያድሱ ሰዎች የአሜሪካንን ሰዓት የሚወዱት ስለዚህ ነው። ሰዓቱ ወድቆ ቀጭኑ የሚዛን ዘንግ ቢሰበር፥ ከዚያው ዓይነት ከሞተ ሌላ ሰዓት ነቅለው ይተኩታል።

ይህን መንገድ የቀየሰው አሮን ሉፍኪን ዴኒሰን እ.ኤ.አ. በ1812 በሜን ግዛት በፍሪፖርት ከጫማ ሰፊ አባት ተወለደ። በ18 ዓመቱ ለሰዓት ሠሪ ደቀ መዝሙር ሆኖ ገባ፤ ኋላም በቦስተን በዚሁ ሙያ ኖረ።

በዚያ ዘመን የሰዓት ክፍል ሁሉ በእጅ ይሞረድ ስለ ነበር የአንዱ ለሌላው አይገጥምም ነበር። ዴኒሰን ግን በስፕሪንግፊልድ የመንግሥት ጠመንጃ ፋብሪካ የጠመንጃ ክፍሎች በመኪና አንድ ዓይነት ሆነው ሲወጡ ተመልክቶ ነበርና፥ ሰዓትንም እንዲሁ ለመሥራት ቈረጠ። በ1850 ገደማ ከኤድዋርድ ሃዋርድና ከዴቪድ ዴቪስ ጋር በሮክስበሪ ሥራ ጀመረ፤ በ1854 ፋብሪካው ወደ ዋልታም ተዛወረ። እውነቱን ለመናገር፥ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከመኪና የወጣው ክፍል ሁሉ የሞረድ እርማት ሳያሻው አልቀረም። መኪናዎቹን ራሳቸውን መፍጠር ግድ ስለ ነበረ ገንዘቡ አለቀ፤ በ1857 ፋብሪካው በሐራጅ ተሸጠ። መሥራቹም ከገዢው ከሮያል ሮቢንስ ዘንድ ደመወዝተኛ ሆኖ ቀረ፤ ከጥቂት ዓመታትም በኋላ ተሰናበተ። ወዲያው የአሜሪካን የርስ በርስ ጦርነት ዊልያም ኤለሪ የተባለውን የፋብሪካውን ርካሽ ሰዓት በወታደሮች ኪስ አገባውና ትርፉ ጎረፈ። ዴኒሰን በዚያ አልነበረም።

የሚያስገርመው፥ ቀደም ሲል በ1844 ለጌጣጌጥ ነጋዴዎች የካርቶን ሣጥን መሥራት ጀምሮ ለወንድሙ ትቶት ነበር፤ ሣጥኑ ለወንድሙ ታላቅ ኩባንያ ሆነ። እርሱ ግን ልቡ ከሰዓት አልተነሣም። በ1864 ትሬሞንት የሚባል ሌላ ኩባንያ አቁሞ አንዳንዱን ክፍል ከስዊስ ያስመጣ ጀመር። ሸሪኮቹ ሁሉን በአገር ውስጥ እንሥራ ብለው ምክሩን አልተቀበሉትም፤ ኩባንያው በ1868 ተዘጋ።

ዴኒሰን ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ በበርሚንግሃም ተቀመጠ። በዚያ የተሳካለት ሰዓቱን መሥራት ሳይሆን፥ ሰዓቱ የሚለብሰውን የብርና የወርቅ ቤት መሥራት ሆነ። በ1895 በ82 ዓመቱ በዚያው ከተማ ሞተ። የዋልታም ፋብሪካ እስከ 1957 ድረስ ከ30 ሚሊዮን በላይ ሰዓት ሠራ፤ የበርሚንግሃሙ የዴኒሰን ፋብሪካም እስከ 1967 ቆየ።