ካዝና እና ኪስ

ወለንጪቲ ላይ ብሎኬት ማምረቻ ከከፈትኩ ዘጠኝ ወሬ ነው። ስድስት ሠራተኞች አሉኝ፤ ሁለቱ የእህቴ ልጆች ናቸው። ባለፈው ወር ማሽኑን አሳምሮ የሚያውቀው ሙያተኛዬ ጥሎኝ አዳማ ገባ። ደመወዝ አነሰው ብዬ ነበር። ለካ ያስመረረው መጠኑ ሳይሆን መቼ እንደሚከፈለው አለማወቁ ኖሯል! እኔ ከሽያጩ ገንዘብ ለሠርግ አወጣለሁ፣ ለለቅሶ አወጣለሁ፤ የተረፈችውን ለሠራተኛ አካፍላለሁ።

በዚህ ሰሞን ነው የነጋድራስ ገብረሕይወት ባይከዳኝን ታሪክ እንደገና ያነሳሁት።

ገብረሕይወት በ1878 ዓ.ም. ዓድዋ አካባቢ ተወለዱ። አባታቸው የአፄ ዮሐንስ ወታደር ነበሩ፤ መተማ ላይ ወደቁ። ክፉ ቀን ሲመጣ ሕፃኑ ወደ ምፅዋ አቅራቢያ ተሰደው የስዊድን ሚሲዮንን ተጠጉ። አንድ ቀን ወደብ ላይ የቆመ የጀርመን መርከብ ለማየት ከጓደኞቻቸው ጋር ወጡና እዚያው ተደብቀው ቀሩ። ካፒቴኑ ለአንድ ባለጸጋ የኦስትሪያ ቤተሰብ ሰጣቸው፤ በዚያ አድገው በርሊን ሕክምና ተማሩ።

ወደ አገራቸው ሲመለሱ አማርኛን ገና መማር ነበረባቸው። ቢሆንም የአፄ ምኒልክ ጸሐፊና አስተርጓሚ ለመሆን በቁ። ጊዜው አዲስ ነገር የሚተከልበት ነው፤ ባንኩ፣ ስልኩ፣ ባቡሩ፣ ሚኒስቴሩ። ሰውዬው ግን ከዕቃው ይልቅ አሠራሩን አዩ። አዲሱ ሥራ በአሮጌው ልማድ ይመራ ነበር፤ የንጉሡ ሀብትና የመንግሥት ሀብትም አልተለየም። ስለ አፄ ምኒልክና ስለ ኢትዮጵያ በጻፉት ጽሑፍ፣ ይህ እንዲለይና ግብሩም በቁርጥ እንዲታወቅ አሳሰቡ። ንጉሥ ባለበት አገር ይህን መጻፍ ቀላል አይደለም።

ሱዳን ተሰደው ከተመለሱ በኋላ የባቡሩ ተቆጣጣሪ፣ ኋላም የድሬዳዋ ጉምሩክ ኃላፊ ሆኑ። ሐዲዱ የኛን ወለንጪቲን አልፎ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ሌላው ሰው በባቡሩ ሲደነቅ እሳቸው የተጨነቁት በሌላ ነበር። ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ብዙ ድካሙን ሰጥቶ ጥቂት ድካም ይቀበላል፤ ሐዲድ ብቻውን አያበለጽገውም ባይ ነበሩ። ይህን በሰፊው የተነተኑበትን መጽሐፍ ታትሞ ለማየት ግን አልታደሉም። በ1911 ዓ.ም. በ33 ዓመታቸው ዐረፉ፤ መጽሐፉ የወጣው በ1916 ዓ.ም. ነው።

ስለ አገር የጻፉትን ለብሎኬት ቤት አዋልከው እንዴ የሚለኝ ይኖራል። ምን ላድርግ፣ በሽታው አንድ ነው! ካዝናዬ ኪሴ ነበር፤ ቅጥሬም ዝምድና።

አሁን የድርጅቱን የባንክ ሒሳብ ለየሁ። ደመወዝ ወር በገባ በ30 ይከፈላል፤ እኔም እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ደመወዝተኛ ሆኛለሁ። የማሽኑን ቦታ የእህቴ ልጅ ጠይቆኝ ነበር። ቅዳሜ ከሌላ አመልካች ጋር እኩል አስፈተንኩት፤ ወደቀ። ሌላውን ቀጠርኩ፤ እሱን ደግሞ ሥር ሆኖ እንዲማር አደረግኩ።

እህቴ እስካሁን ስልኬን አታነሳም። ልጁ ግን ሰኞ ጠዋት ከሁሉም ቀድሞ ገባ።