የእርግዝና ምርመራን ለዓለም ያበረከቱት ፕሮፌሰር በርንሃርድ ዞንዴክ

በቅዝቃዜ ተጠብቆ የቆየ ሽል ወደ ማኅፀኗ የተመለሰላት እናት የደም ምርመራ ውጤቷን እስክትሰማ ቀኑ አይመሽላትም። እዚህ ናታንያም ይህን ጥበቃ የሚያውቁ ቤተሰቦች አሉ። ምርመራው ከየት እንደ መጣ ለማሳወቅ የፕሮፌሰር በርንሃርድ ዞንዴክን ታሪክ ልናካፍላችሁ ወደድን።

ፕሮፌሰሩ እ.ኤ.አ. በ1891 በዚያን ጊዜ የጀርመን ግዛት በነበረችው፣ ዛሬ ፖላንድ ውስጥ በምትገኘው ቭሮንኪ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለዱ። በበርሊን ሕክምና ተምረው፣ በ1920ዎቹ መጨረሻ ከዶክተር ዜልማር አሽሃይም ጋር የእርግዝና ምርመራ አገኙ። የሴትየዋ ሽንት ላልደረሱ እንስት አይጦች በመርፌ ይሰጣል። ከአራት አምስት ቀን በኋላ የአይጦቹ እንቁላል ማመንጫ ያለ ጊዜው ደርሶ ከተገኘ ሴትየዋ ነፍሰ ጡር ናት ማለት ነው። ይህን የሚያደርገው ዛሬ በደም የሚለካው ኤች ሲ ጂ የተባለው ሆርሞን ነው። ዞንዴክ ከአንጎል ሥር ካለችው ዕጢ የሚመነጭ መስሏቸው ነበር፤ ከእንግዴ ልጅ መሆኑ የተረጋገጠው በኋላ ነው።

በ1933 ናዚዎች ከሥራ ሲያባርሯቸው ወደ ስቶክሆልም፣ በ1934 ደግሞ ወደ ኢየሩሳሌም መጡ። አገር ለቆ በአዲስ ቋንቋ መጀመር ምን እንደሆነ ለእኛ ማኅበረሰብ ማስረዳት አያስፈልግም። በሃዳሳ ሆስፒታል የማኅፀንና ጽንስ ክፍልን እስከ 1961 መሩ፤ በ1958 የእስራኤል ሽልማት ተሰጣቸው።

በኢየሩሳሌም ሳሉ የወር አበባ የቀረባቸውን ሴቶች በኢስትሮጅንና በፕሮጄስትሮን አክመዋል። የቀዘቀዘ ሽል ሲመለስ ብዙ ጊዜ የሚታዘዙትም እነዚሁ ናቸው። ኢስትሮጅን የማኅፀኑን ውስጠኛ ሽፋን ያወፍራል፤ ፕሮጄስትሮን ሽሉን እንዲቀበል ያዘጋጀዋል። ሽሉ የሚመለስበት ቀን የሚቆጠረው ፕሮጄስትሮን ከተጀመረበት ቀን ነው፤ ስለዚህ ሰዓቱን ማዛነፍ ዕድሉን ይቀንሳል። እንቁላል ሳይለቀቅ በመድኃኒት ብቻ በተዘጋጀ ማኅፀን ሰውነት የራሱን ፕሮጄስትሮን ስለማያመርት፣ መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ የያዘውን እርግዝና ሊያስወርድ ይችላል። ጥቂት ደም ታየ ወይም ቤት ውስጥ ቀድሞ የተደረገ ምርመራ የለም አለ ብሎ ማቆም አይገባም፤ መጀመሪያ ለክሊኒኩ መደወል ነው። ኤች ሲ ጂ በመርፌ የወሰደች ሴት ደግሞ ሳታረግዝ አለ ሊላት ይችላል።

ፕሮፌሰሩ በ1966 በኒውዮርክ ዐረፉ። ከቀዘቀዘ ሽል የተገኘች የመጀመሪያዋ ሕፃን የተወለደችው ከ18 ዓመት በኋላ፣ በ1984 በሜልቦርን አውስትራሊያ ነበር።