ለበሽታው ስሙን የተወው ሐኪም፦ ቴዎዶር ቢልሃርዝ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ በናይል ሸለቆ ለሚኖሩ ገበሬዎች ደም የተቀላቀለበት ሽንት እንግዳ ነገር አልነበረም። ከልጅነት ጀምሮ የሚታይ በመሆኑ እንደ ተፈጥሮ ጉዳይ ይቆጠር ነበር። ደሙ ከየት እንደሚመጣ የደረሰበት ከጀርመን የሄደ ወጣት ሐኪም ነው።

ቴዎዶር ቢልሃርዝ እአአ በ1825 በሲግማሪንገን ከተማ ተወለደ። በፍራይቡርግና በቱቢንገን ከተማረ በኋላ፣ በ1850 መምህሩን ቪልሄልም ግሪዚንገርን ተከትሎ ወደ ግብፅ አቀና። በካይሮው ቀስር አል-አይኒ ሆስፒታል አስከሬን እየመረመረ የሕመምተኞችን አሟሟት ያጠና ጀመር።

በ1851 ወደ ጉበት በሚያመራ የደም ሥር ውስጥ ቀጭን ነጭ ትል አገኘ። ብዙም ሳይቆይ የትሉን እንቁላሎች በሽንት ፊኛ ግድግዳ ላይ ተመለከተ፤ ሕመምተኞቹ የሚሸኑትን ደም ምንጭም ተረዳ። በሽታው በስሙ ቢልሃርዚያ ተባለ።

በ1862 የሳክስ-ኮበርግ-ጎታውን መስፍን ዳግማዊ ኤርንስትን አጅቦ ወደ ምፅዋ ተጓዘ። በዚያው ጉዞ ትኩሳት ይዞት፣ ካይሮ ውስጥ በ37 ዓመቱ አረፈ። ትሉ ወደ ሰው እንዴት እንደሚገባ ሳያውቅ ነበር የሞተው። በ1915 ሮበርት ሌይፐር የትሉ እጭ በውኃ ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ የሰውን ቆዳ በስቶ እንደሚገባ በግብፅ አሳየ።

ቢልሃርዝ ያያቸው እንቁላሎች ጉዳት በደም ብቻ አያበቃም። ለዓመታት የሚዘልቀው የፊኛ ቁስለት ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ1994 ይህን ትል ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ትሉ ዛሬም በግብፅ፣ በሱዳን፣ በሶማሊያና በታንዛኒያ እንዲሁም በኢትዮጵያ በአዋሽ ተፋሰስ አንዳንድ ስፍራዎች ይገኛል።

ብዙ ታማሚዎች የትሉ መድኃኒት ካንሰሩንም ያድን እንደሆነ ይጠይቃሉ። ፕራዚኳንቴል ትሉን ይገድላል፤ የተነሣን ካንሰር ግን አያድንም። ዕጢው በፊኛው ውስጠኛ ሽፋን ላይ ብቻ ሳለ ከተደረሰበት በሽንት ቧንቧ በሚገባ መሣሪያ ተቆርጦ ሊወጣ ይችላል። ወደ ጡንቻው ከዘለቀ ግን ፊኛውን በሙሉ ማውጣት፣ ጨረር ወይም ኬሞቴራፒ ሊያስፈልግ ይችላል። ፊኛው የወጣለት ሰው ሽንቱ በሆዱ ላይ በሚከፈት ቀዳዳ ወደ ከረጢት እንዲፈስ ይደረግለታል፤ ለአንዳንዶች ከራሳቸው አንጀት ምትክ ፊኛ ይሠራላቸዋል። ዕጢው ተመልሶ ሊመጣ ስለሚችል ክትትሉ ዓመታትን ይወስዳል።

በሽንት ውስጥ የሚታይ ደም፣ ሕመም ባይኖረውም፣ አንድ ጊዜ ታይቶ ቢጠፋም፣ ወደ ሐኪም የሚያስኬድ ምልክት ነው። ቢልሃርዝ በአጭር ዕድሜው ያረጋገጠው፣ ሰዎች የለመዱት ደም የበሽታ ደም መሆኑን ነበር።