የካናሉን ድርሻ የሸጡት ኸዲቭ ኢስማኢል

በዚህ እትማችን የግብፁን ገዥ የኸዲቭ ኢስማኢልን ሕይወት ይዘንላችሁ ቀርበናል። ወደብና የባቡር ሐዲድ በውጭ መንግሥታት እጅ ሲገባ የአገር ደኅንነት ምን ይሆናል የሚለው ክርክር ዛሬ የተጀመረ እንዳልሆነ የእሳቸው ታሪክ ያሳየናልና። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኢስማኢል በ1830 ካይሮ ተወለዱ። አያታቸው ሙሐመድ ዐሊ ፓሻ፣ አባታቸው ደግሞ ዝነኛው የጦር መሪ ኢብራሂም ፓሻ ናቸው። ፓሪስ ተምረው ተመለሱ፤ በ1863 አጎታቸው ሰዒድ ፓሻ ሲሞቱ ሥልጣን ያዙ።

ጊዜው የጥጥ ዘመን ነበር። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሳቢያ የአውሮፓ ፋብሪካዎች ጥጥ ስላጡ የግብፅ ጥጥ ዋጋ ናረ። ኢስማኢልም በዚህ ተማምነው ሐዲድ ዘረጉ፣ የመስኖ ቦይ አስቆፈሩ፣ ትምህርት ቤቶች ከፈቱ። የግብፅ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በ1870፣ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት በ1873 የተቋቋሙት በእሳቸው ዘመን ነው። ጦርነቱ በ1865 ሲያበቃ ግን የጥጡ ዋጋ ወደቀ። ወጪው አልቀነሰም፤ ክፍተቱ በአውሮፓ ባንኮች ብድር ተሞላ።

የስዊዝ ካናልን ውል ለፈረንሳዊው ደ ሌሴፕስ የሰጡት ሰዒድ ነበሩ። ኢስማኢል የግዳጅ ሥራውን ለማስቀረትና ለኩባንያው የተሰጠውን መሬት ለማስመለስ ሲሞክሩ፣ ዳኛ የተደረጉት የፈረንሳዩ ንጉሠ ነገሥት ሦስተኛው ናፖሊዮን ግብፅ 84 ሚሊዮን ፍራንክ ካሳ እንድትከፍል ፈረዱ። ካናሉ በኅዳር 1869 በታላቅ ድግስ ተመረቀ። ከሚያልፉበት መርከቦች አብዛኞቹ የእንግሊዝ ነበሩ፤ ወደ ህንድ የሚወስደው አቋራጭ መንገዷ ሆነ።

1875 የፈተና ዓመት ነበር። ኢስማኢል ወደ አገራችን ያዘመቱት ጦር በኅዳር ወር ጉንደት ላይ በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ሠራዊት ተደመሰሰ። በዚያው ወር፣ የብድር ወለድ መክፈያ ያጡት ኸዲቭ የግብፅን 176,602 የካናል አክሲዮኖች ለገበያ አቀረቡ። ይህ ከጠቅላላው 400,000 አክሲዮን 44 በመቶው ነው። የፈረንሳይ ባንኮች ሲደራደሩ የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ዲዝሬሊ ፓርላማውን ሳይጠብቁ ከሮትስቻይልድ ባንክ ተበድረው በ4 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ጠቀለሉት። የሚያሳዝነው፣ የአክሲዮኖቹ ትርፍ እስከ 1894 ድረስ አስቀድሞ ለኩባንያው ተላልፎ ስለነበር፣ ግብፅ ድርሻዋን ሸጣም ለገዢዋ በየዓመቱ 5 በመቶ ወለድ ለመክፈል ተገደደች።

የተገኘው ገንዘብ ዕዳውን አላቃለለም። በመጋቢት 1876 ሁለተኛው ዘመቻ ጉራዕ ላይ ተሸነፈ። በዚያው ዓመት አበዳሪዎቹ የግብፅን ገቢ የሚሰበስብ የዕዳ ቦርድ አቋቋሙ፤ የእንግሊዝና የፈረንሳይ ተቆጣጣሪዎችም ገቡ። በ1878 እንግሊዛዊ የገንዘብ ሚኒስትር፣ ፈረንሳዊ ደግሞ የሕዝብ ሥራ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። ኢስማኢል ሊያባርሯቸው ሲሞክሩ ሁለቱ መንግሥታት የኦቶማኑን ሱልጣን ገፋፍተው በሰኔ 1879 ከሥልጣን አስወረዷቸው፤ ልጃቸው ተውፊቅ ተተኩ። በ1882 እንግሊዝ ካናሉን መጠበቅ አለብኝ ብላ ጦሯን አስገባች።

ኢስማኢል በ1895 በስደት ኢስታንቡል ሞቱ፤ ካይሮ በሚገኘው የሪፋዒ መስጂድ ተቀበሩ። ግብፅ ካናሉን የራሷ ያደረገችው በ1956 በጀማል ዐብዱናስር ዘመን ነው።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው የውጭ ገንዘብ ሁሉ መጥፎ ነው የሚለውን አይደለም። 44 በመቶው አክሲዮን ብቻውን አገር አላስያዘም፤ ያስያዘው ዕዳው ነበር። ኢስማኢል ሐዲድና ትምህርት ቤት መገንባታቸው ስህተት አልነበረም፤ ስህተቱ የጥጡ ዋጋ ሲወድቅ በምን እንደሚከፍሉ ሳያውቁ መበደራቸው ነው። የነገዎቹ ኢንጂነሮች፣ የሕግና የኢኮኖሚ ባለሙያዎች እኛ ነንና፣ አንድ ውል ፊታችን ሲቀርብ አስቀድመን እንጠይቅ፦ መክፈል ቢያቅተን ቁልፉ በማን እጅ ይቀራል?