ፍራንሲስ ጎልተንና የሰውን ዘር የማረም ሐሳብ

ፍራንሲስ ጎልተን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1822 በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም አጠገብ ከባለጸጋ ቤት ተወለደ። ከቻርልስ ዳርዊን ጋር በአንድ አያት ይገናኛል። ሕክምና መማር ጀምሮ ነበር፤ አባቱ በ1844 ሞቶ ሀብቱ ሲደርሰው ግን ለእንጀራ መሥራት አላስፈለገውምና ተወው። ዓባይን ሽቅብ ተከትሎ እስከ ካርቱም ዘለቀ፤ በ1850ም ወደ ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ ተጓዘ። የጣት አሻራ ሰውን ከሰው ለመለየት እንደሚበቃ በ1892 ባወጣው መጽሐፍ በስሌት ያስረዳ እርሱ ነው።

እኛን የሚያነጋግረን ግን ሌላው ሥራው ነው። በ1869 ባሳተመው መጽሐፍ የዳኞችን፣ የጦር አዛዦችንና የደራሲዎችን ዘመዶች ቈጥሮ ብልኅነት በደም ይወረሳል አለ። የዳኛ ልጅ ዳኛ ሲሆን የአባቱ ደጃፍ፣ የአባቱ መጻሕፍትና የአባቱ ወዳጆች ምን ያህል እንደረዱት በስሌቱ ውስጥ እምብዛም አላገባውም። በዚያው መጽሐፍ ሕዝቦችን በደረጃ ደርድሮ ጥቁሩን ከነጩ በታች አስቀመጠ። ይህንን የአፍሪካ ተማሪ በዝምታ ሊያልፈው አይገባም።

በ1883 ለሐሳቡ ዩጀኒክስ የሚል ስም አወጣለት። ገበሬ ኮርማ እንደሚመርጥ ሁሉ የሰውም ዘር ይመረጥ ማለቱ ነው። ብልኆች ብዙ ይውለዱ ብሎ የሰበከው ይህ ሰው፣ የሚያስገርመው፣ ራሱ ልጅ አልወለደም።

ሕዝቡስ ምን አለ? በመጀመሪያ ብዙ ሰሚ አላገኘም፤ ወደ ኋላ ግን ሊቃውንትም ቀሳውስትም ተከተሉት። በአሜሪካ የኢንዲያና ክፍለ አገር በ1907 ሰዎችን በግድ የሚያመክን ሕግ አወጣ። ጎልተን በ1911 ሲሞት ገንዘቡን ለዚሁ ትምህርት ማስፋፊያ ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ተናዘዘ። ናዚዎች በ1933 ባወጡት ሕግ 400,000 ያህል ሰዎች መከኑ። በገዛ አገሩ ግን በ1931 ማምከንን በፈቃድ ለማድረግ እንኳ የቀረበውን ረቂቅ ፓርላማው በ167 ድምፅ በ89 ጣለው፤ ሸክሙ በድኃው ላይ እንደሚወድቅ የገባቸው እንደራሴዎች ነበሩ።

ዛሬ ነገሩ ከጋብቻ ምርጫ አልፎ ወደ ጽንሱ ገብቷል። በ2018 አንድ የቻይና ሳይንቲስት ዘረ መላቸውን የለወጣቸው መንትያ ልጆች ተወለዱ፤ ፍርድ ቤትም በ2019 የሦስት ዓመት እስራት ፈረደበት። በዚያው በ2018 በአሜሪካ በተደረገ መጠይቅ፣ ከባድ የትውልድ በሽታን ለማዳን ሲሆን 72 ከመቶው ተገቢ ነው ሲሉ፣ ብልኅነትን ለመጨመር ሲሆን ግን የተስማሙት 19 ከመቶ ብቻ ናቸው። የጎልተን ምኞት ሁለተኛው ነበር። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ2020 የጎልተንን ስም ከትምህርት አዳራሹ ላይ አነሣው።