የኮርኔሊያ ሶራብጂ የሕይወት ታሪክ

ተማሪዎች ሆይ! ሕግ ተጽፎ መቀመጡ ብቻውን ለተበደለ ሰው ፍትሕ ያስገኛልን? መልሱን ለማግኘት የሕንዳዊቷን የሕግ ባለሙያ የኮርኔሊያ ሶራብጂን ታሪክ በማስተዋል አንብቡ።

ኮርኔሊያ እ.ኤ.አ. በ1866 ናሲክ በምትባል የምዕራብ ሕንድ ከተማ ተወለደች። በዚያን ዘመን ሕንድ በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ሥር ነበረች። በፑና ከተማ በደካን ኮሌጅ ተምራ በ1888 በከፍተኛ ውጤት ስትመረቅ፣ የቦምቤይ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያዋ ሴት ምሩቅ ሆነች። ውጤቷ በመንግሥት ወጪ እንግሊዝ አገር ሄዳ ለመማር የሚያበቃት ነበር፤ ዳሩ ግን ሴት በመሆኗ ዕድሉን ተከለከለች። ይሁን እንጂ ተስፋ ሳትቆርጥ በወዳጆች ርዳታ በ1889 ኦክስፎርድ ገባች። በ1892 የዩኒቨርሲቲውን ከፍተኛ የሕግ ፈተና በመውሰድ ከሴቶች ሁሉ ቀዳሚ ሆነች። ነገር ግን ዩኒቨርሲቲው እስከ 1920 ድረስ ለሴቶች ዲግሪ አይሰጥም ነበርና በ1894 ያለ ዲግሪ ወደ አገሯ ተመለሰች።

እዚያም ከባድ ችግር ገጠማት። በዘመኑ ብዙ የሕንድ ባላባት ሴቶች በልማዱ መሠረት ከመጋረጃ በስተጀርባ ይኖሩ ነበር፤ ከቤተሰባቸው ውጭ የሆነ ወንድ ሊያያቸው አይፈቀድም። ጠበቆች ደግሞ ሁሉም ወንዶች ነበሩ። እንግዲህ አስቡት! ባሏ የሞተባት ባለርስት ሴት ኑዛዜው ምን እንደሚል፣ የመሬቷ ወሰን እስከ የት እንደሚደርስ፣ ግብሩ መከፈሉንና አለመከፈሉን የምታውቀው ዘመዷ ወይም ምስለኔዋ ከነገራት ብቻ ነበር። ያ ሰው አታላይ የሆነ እንደሆነ መብቷ በወረቀት ላይ ቢኖርም ርስቷ ከእጇ ይወጣል።

ኮርኔሊያ ይህን ስለተረዳች፣ እነዚህን ሴቶች የምታማክር ሴት የሕግ ባለሙያ እንድትመደብ መንግሥትን አጥብቃ ጠየቀች። በ1904 ቤንጋል ውስጥ፣ የመበለቶችንና ለአካለ መጠን ያልደረሱ ወራሾችን ርስት በሞግዚትነት በሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ተቀጠረች። ከዚያ በኋላ ከአውራጃ ወደ አውራጃ እየተዘዋወረች መጋረጃውን አልፋ ትገባለች፤ የሴቶቹን አቤቱታ በራሳቸው አንደበት ትሰማለች፤ ሰነዶችን ትመረምራለች፤ በውርስ የተጣሉ ዘመዳሞችን ታስታርቃለች። በዚህ ሥራ 20 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ቆይታ፣ ከ600 የሚበልጡ ሴቶችንና ወላጅ አልባ ልጆችን እንደረዳች ይገመታል።

በ1923 የወጣው ሕግ ለሕንድ ሴቶች የጥብቅናን ሙያ ሲከፍት፣ ኮርኔሊያ በካልካታ በጥብቅና ሠራች። የእንግሊዝን አገዛዝ በመደገፏ ግን ለነፃነት ይታገሉ ከነበሩት ወገኖቿ ጋር በሐሳብ ተለያየች። ከሥራ ከተገለለች በኋላ በለንደን ኖራ በ1954 አረፈች።

ከዚህ ታሪክ እንደምትገነዘቡት፣ ለእነዚያ ሴቶች የጎደላቸው መብት ብቻ አልነበረም፤ መብታቸውን የሚያስረዳቸውና ቀርቦ የሚያዳምጣቸው ሰው ጭምር ነው። በአካባቢያችሁስ መብት እያላቸው የሚሟገትላቸው ያጡ ሰዎች አሉን? አስተውሉና የታዘባችሁትን በአንድ አንቀጽ ጻፉ።