በሽፋኑ ላይ የማን ስም ይጻፍ? ስለ ኦኔሲሞስ ነሲብ ሕይወት



ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው አራት ነን፤ ስማችንን ግን ከታች አታገኙትም። ምክንያቱ የሚያሳፍር ቢሆንም እንነግራችኋለን። ያለፈው እትም ከማባዣው ሲወጣ የሁለታችን ስም ተዘሎ ነበር። ታዲያ እሑድ ከአምልኮ በኋላ በዚያ በአዳማ የቀትር ፀሐይ ግቢው ውስጥ ቆመን፣ ስለ ክርስቶስ ትሕትና የተጻፈውን ድርሰት ይበልጡን የጻፈው ማን እንደሆነ ስንከራከር ድምፃችን እስከ መንገዱ ይሰማ ነበር። አንድ አባት በአጠገባችን ሲያልፉ ቆም ብለው፣ መጽሐፍ ቅዱስን መጀመሪያ ሙሉውን ወደ ኦሮምኛ የተረጎመው ማን እንደሆነ ጠየቁን። ኦኔሲሞስ አልን። ከእርሱ ጋርስ ማን ነበር ሲሉን ዝም አልን። ሂዱና አንብቡ ብለውን ሄዱ። ያነበብነውን እነሆ እናቀርባለን፤ ዘመኖቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኦኔሲሞስ የስምጥ ሸለቆ ሰው አይደለም። የተወለደው በ1856 ገደማ በምዕራብ፣ በኢሉባቦር ሁሩሙ አጠገብ ነው። ነገር ግን ዛሬ በአዳማና በሞጆ፣ በመቂና በዝዋይ፣ እስከ ሻሸመኔም ድረስ ቃለ እግዚአብሔርን በኦሮምኛ የሚሰማ ምእመን ሁሉ የዚህ ሰው ባለዕዳ ነው። የልጅነት ስሙ ሂካ ነበር። በኦሮምኛ የታሰረ መፍታትም፣ ቋንቋ መተርጎምም የሚጠራው በአንድ ቃል ነው፤ ስሙም ከዚያው ቃል የመጣ ነው። አባቱን በአራት ዓመቱ አጣ። በ1869 የባሪያ ፈንጋዮች ነጥቀው ወሰዱት፤ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ በስምንት ጌቶች ሥር አለፈ። በመጨረሻ ቀይ ባሕር ዳር ምጽዋ ሲደርስ ቨርነር ሙንዚንገር የተባለ የስዊስ ሰው ነጻ አወጣውና በስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባ። መጋቢት 31 ቀን 1872፣ በትንሣኤ በዓል፣ ተጠመቀ። የተሰጠውም ስም ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት ውስጥ ያለው የዚያ ባሪያ ስም ነው፤ እኛ በአማርኛው አናሲሞስ ብለን የምናነበው።

ሚሲዮኑ ወደ ስዊድን ልኮት በዮሐኔሉንድ ሴሚናሪ አምስት ዓመት ተማረ። በ1881 ሲመለስ ምሕረት ኃይሉን አገባና ወዲያው ወደ ወገኖቹ አገር ጉዞ ጀመረ። በሱዳን በኩል ዞረው እስከ አሶሳ ቢደርሱም መንገዱ ተዘጋባቸው፤ በ1882 ካርቱም ሲመለሱ በንዳድ ታሞ ወደቀ። ሁለተኛውም ጉዞ በ1886 እንጦጦ ላይ ቆመ፤ ምኒልክ ተቀበሏቸው እንጂ ወደ ወለጋ እንዲያልፉ አልፈቀዱላቸውም። ስለሆነም በምጽዋ አጠገብ ባለችው በእምኩሉ ተቀምጦ ትርጉሙን ያዘ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ኦኔሲሞስ አገሩን የለቀቀው በልጅነቱ ነው። በዓረብኛ፣ በአማርኛና በስዊድንኛ መካከል ሲያድግ የእናቱ ቋንቋ ከአፉ ሳስቶ ነበር። በስዊድን አገር የሠለጠነ አስተማሪ ይህ ሲደርስበት ምን ያደርጋል? እኛ ብንሆን የጎደለንን ሸፍነን የመሰለንን እንጽፍ ነበር፤ ባለፈው እትም ላይ የግዕዙን ቃል እንዲሁ በግምት ፈተን የለምን! ኦኔሲሞስ ግን ከአንዲት ልጅ ለመማር ተቀመጠ።

ይህች ልጅ አስቴር ጋኖ ናት። የተወለደችው በ1872 ገደማ ከነጻ ቤተሰብ ሲሆን፣ የሊሙ እናሪያ ንጉሥ ባሪያ አደረጋት። ኋላም ተሽጣ ወደ ዓረብ አገር በጀልባ ስትወሰድ በ1886 የኢጣሊያ መርከቦች ጀልባውን ይዘው ነጻ አወጧት። እምኩሉ ትምህርት ቤት ስትገባ ገና ዐሥራ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። ኦኔሲሞስ ብሩህ አእምሮዋንና ለቋንቋው ያላትን ስሜት አስተውሎ የቃላት ስብስቡን ሥራ ለእርሷ ሰጣት። ወደ 15,000 የሚጠጉ የኦሮምኛ ቃላት ሰበሰበች። ከዚህም ሌላ 500 ያህል ተረቶች፣ ምሳሌዎች፣ እንቆቅልሾችና ዘፈኖች ከልቧ እያወጣች ጻፈች፤ ከነዚህም ብዙዎቹ በ1894 በታተመው የንባብ መጽሐፍ ውስጥ ገቡ። የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችንም ተርጉማለች፤ መዝሙርም አብራው አዘጋጅታለች። አዲስ ኪዳን በ1893 እዚያው እምኩሉ ሲታተም ትርጉሙ የተቃናው በእርሷ የቃላት ስብስብ ነው። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1897 ተጠናቆ፣ በ1899 በስዊስ አገር በባዝል አጠገብ በሳንት ክሪሾና በፊደላችን ታተመ።

በሽፋኑ ውስጥ በተርጓሚነት የተጻፈው ስም አንድ ብቻ ነው፤ ኦኔሲሞስ ነሲብ።

እዚህ ነጥብ ላይ ስንደርስ እኛ አራታችን እንደገና ተከራከርን፤ የአሁኑ ክርክር ግን ከፊተኛው የተሻለ ይመስለናል። አንዳንዳችን፣ ሁሉም ለክርስቶስ የተሠራ ስለሆነ የስም ነገር ከንቱ ነው አልን። ከመካከላችን አንዷ እኅት ግን አልተቀበለችም። ስም ከንቱ ከሆነ ለምን የእርሱ ተጻፈ አለችን። መልስ አጣን። ሰው የገዛ ስሙን ስለ ክርስቶስ ቢተው ራሱን ክዷል፤ የሌላውን ስም ሲተውለት ግን የካደው ራሱን አይደለም። ለአንዲት ነጻ ለወጣች ልጅ ትሕትናን ሌላ ሰው ሊመርጥላት አይገባም ነበር። ይህን የምንለው ኦኔሲሞስን ለመክሰስ አይደለም፤ ከሕይወቱ ቀሪው ክፍል እንደምታዩት ስሙን የሚያሳድድ ሰው አልነበረምና። ዳሩ ግን እንዲህ ያለ ሰው እንኳ በሚመራው ሥራ ይህ ከሆነ፣ በየፖስተሩ ላይ ፊታችን ከጥቅሱ በልጦ እንዲታይ የምንለምን እኛማ ምን እንሆን?

በ1904 ኦኔሲሞስና አስቴር ከሌሎች ጋር ሆነው በመጨረሻ ወለጋ ገቡ። ኦኔሲሞስ ከተነጠቀ 35 ዓመት አልፎት ነበር። ምሕረት ሞታ ስለነበር ሊድያ ዲምቦ የተባለች ኦሮሞ መምህርት አግብቶ ነበር። የነቀምት ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር (ኩምሳ ሞረዳ) ተቀበሉት። ሕዝቡም በገዛ ቋንቋው ሲሰማ ደስ አለው። የአካባቢው ካህናት ግን ከሰሱት፤ በ1906 አዲስ አበባ በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀርቦ እንዲሰደድ ተፈረደበት። ምኒልክ ፍርዱን አሻሽለው ወደ ነቀምት ይመለስ፣ ነገር ግን አይስበክ አሉ።

ያን ያህል ዘመን ለመስበክ የተጓዘ ሰው በደረሰ በሁለት ዓመቱ አፉ ተዘጋ። ከእኛ መካከል ማይክሮፎን ለአንድ እሑድ ቢነፈገው ሦስት ሳምንት ከኅብረት የሚቀር አለ፤ ከዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች አንዱም ይገኝበታል። ኦኔሲሞስ ግን ለልጆች ፊደል አስቆጠረ። እስከ 1916፣ ልጅ ኢያሱ እምነቱን እንዲሰብክ እስኪፈቅዱለት ድረስ ዐሥር ዓመት ሥራው ይኸው ነበር። ያስተማራቸው ልጆች ግን እርሱ የተረጎመውን መጽሐፍ በራሳቸው ዓይን የሚያነቡ ሆኑ።

ኦኔሲሞስ ሰኔ 21 ቀን 1931 ዐረፈ፤ ዕለቱ እሑድ ነበር። አስቴር በነቀምት መምህርት ሆና ያገለገለች ሲሆን፣ ከእርሱም በኋላ ከ30 ዓመት በላይ ኖራለች።

በዚህ እትም የጀርባ ገጽ ላይ ስቴንስሉን የመታችልን እኅትና ማባዣውን ያዞረው ወንድም ስማቸው ተጽፏል። እስከ ዛሬ አንድም ጊዜ አልጻፍነውም ነበር። መጀመሪያ እነርሱን ጠይቀናል፤ ደስ ብሏቸው እሺ ብለዋል። ያን ጥያቄ የጠየቁንን አባትም ስምዎን እንጻፍ ወይ ብለናቸው ነበር፤ እርሳቸው ግን እምቢ አሉ። እምቢታው የራሳቸው ስለሆነ ተውነው።